ለመስማት መታወቂያ አይጠየቅም

ካትማንዱ፣ ሳውን 16 ቀን

ውድ ዳንቢር ዳይ፣

ይህ ስድስተኛው ጅምር ነው። አምስቱን ቀድጃቸዋለሁ። አምስቱም የጀመሩት በጤናዎ፣ በቤተሰብዎና በዘንድሮው ዝናብ ነበር፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መሆን ይጀምራሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ያንን ብቻ ስለሆነ እጄ ሌላ መንገድ አልለመደም። ስለዚህ ዛሬ ጤናዎን ሳልጠይቅ እጀምራለሁ፤ ለዚህም ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ ሙራሪ ኡፓድያይ ነኝ። የወንዞች መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር የነበርኩት፣ ከአራት ዓመት በፊት በሲማል ጋት ትምህርት ቤት አዳራሽ ዣንጥላ የሸለምኩዎ ሰው። ያን ቀን በሕዝብ ፊት «አንተ» እያልኩ ነበር የጠራሁዎ። በሦስት ዓመት ታላቄ መሆንዎን በመዝገብ ላይ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ዛሬ «ዳይ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የምልዎ ለዚህ ነው።

ደብዳቤውን ልጅዎ ሱስሚታ ታነብልዎታለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሱስሚታ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ያልገባቸው ቦታ ካለ ተመልሰሽ ድገሚው፤ ጥፋቱ የአጻጻፌ እንጂ የእናንተ አይደለም።

ልነግርዎ የምፈልገው ነገር አጭር ነው። እህትዎ ሱንታሊ በሞተችበት ቀን ስልክዎ ዝም ያለው በእርስዎ ጥፋት አይደለም። በእኔ ትእዛዝ ነው።

ይህችን መስመር ከጻፍኩ በኋላ ተነሥቼ መስኮቱ ድረስ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ ደግሜ ሄድኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ሰውዬ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አለችኝ። አለው መሰለኝ። ይሁን እንጂ አሁን ተቀምጫለሁ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ላስረዳዎ። ስልኩ በሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ ማንም ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብሎ አልነገረዎትም።

እርስዎ የወንዝ ተመልካች ሆነው ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ወርደው የውሃ መለኪያውን ዘንግ ያዩ ነበር። ከዚያም መተግበሪያውን ከፍተው ስምዎንና የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገባሉ፤ የውሃውን ከፍታ ጽፈው ይልካሉ። ስምና ቁጥርዎ ልክ ሆኖ ሲገኝ ስልኩ አንዲት ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል፦ «ገብቷል»። በቃ፣ ይህችው ናት። የስልኩ ባለቤት የት እንዳለ፣ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ፣ አታውቅም። «ውጣ» የሚለውን ሲነኩ ምልክቷ ትለወጥና «አልገባም» ትሆናለች። መተግበሪያው በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። «ገብቷል» ካለች ያሳልፋል፤ «አልገባም» ካለች የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። እንደ በር መቀርቀሪያ ያስቡት። መቀርቀሪያ መዘጋትና መከፈት ነው ሥራው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን አይጠይቅም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደኅና ነበር። የተበላሸው እኔ ለዚያች ምልክት ሌላ ሥራ ስጨምርላት ነው።

ምክንያት ነበረኝ። እርስዎ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ባለው የፋጉን ወር ጎርፍ ሲመጣ ስልክ ላይ የሚጮኸውን ማንቂያ ለመሞከር ስንል በስሕተት ወደ ሁሉም ሰው ስልክ ላክነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው በላይኛው ባልሱ ወንዝ ዳር አንድ የሠርግ አጀብ መሀል ደረሰ። ከበሮ መቺውና መለከት ነፊው መሣሪያቸውን ጥለው ዳገቱን ወጡ፤ ሙሽራው ራሱ ሙሽሪትን ጂፕ ውስጥ ትቶ ሮጠ አሉ። ወንዙ ግን ያን ቀን ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ጋዜጦቹ ሥዕል ሣሉብኝ። ሚኒስትሩ አስጠርተው «ሙራሪ ጂ፣ ወንዙ ሳይመጣ ሕዝቡን አሰጠምከው» አሉኝ። ሰው የሳቀብኝ ጊዜ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ አወቅሁ። ከዚያ ወዲያ ማንቂያው ከታወቀ ሰው እጅ እንዳይወጣ ቆረጥኩ።

መተግበሪያውን የሠራችው ፕራቢና ሻክያ የምትባል የፓታን ልጅ ናት። ምናልባት ያስታውሷት ይሆናል፤ ሥልጠናው ላይ ስልኮቹን እየዞረች ያስተካከለችው፣ ቀጭኗ፣ ባለመነጽሯ። በስብሰባ ላይ ሐሳቤን ስናገር እጇን አወጣች።

«ይቅርታ ሰር፣ ይሄ ነገር ልክ አይመስለኝም።»

«የቱ?»

«ቁጥር የሚልክ ሰው መግባቱን እንጠይቅ። ማንም ተነሥቶ የውሸት ቁጥር እንዳይልክብን። ማንቂያው ግን ሌላ ነው። ለመናገር መታወቂያ ይጠየቅ፤ ለመስማት መታወቂያ አይጠየቅም።»

«ተመልካች ሁልጊዜ ገብቶ ይጠብቃል። ሥራው ነው።»

«ስልኩ እኮ ሰውየው መኖሩን አያውቅም ሰር። የሚያውቀው መጨረሻ የተነገረውን ነው።»

«ልጄ፣ ለመሆኑ ወንዝ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ።

«ኧረ ከየት አይቼ። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው» አለች። አሁን ክፍሉ የባሰ ሳቀ፤ የከተማውን ቧንቧ የሚመሩት ሰዎች ከእኛ አንድ ፎቅ በላይ ነበሩና። ለሁለተኛ ጊዜ ተሳቀብኝ ማለት ነው።

በእኛ መሥሪያ ቤት ክርክር የሚያበቃው አለቃው በፋይሉ ኅዳግ ላይ ትእዛዝ ሲጽፍ ነው፤ ቶክ እንለዋለን። ቶክ ከተጻፈ ወዲያ የሚናገር የለም። አረንጓዴውን እስክሪብቶዬን አወጣሁና ጻፍኩ፦ «ማንቂያው የሚጮኸው ገብቶ በሚገኝ ተመልካች ስልክ ላይ ብቻ ይሁን። ጸድቋል።» ፈረምኩበት። ፕራቢና ፋይሉን አነሣች፤ ጽሑፉን አነበበችና ወጣች።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በጄት ወር፣ ወደ እናንተ መጣሁ። ከአሥራ አራት መንደር አሥራ አራት ተመልካቾች ተሰብስባችሁ ነበር። በቅጠል ሳህን የቀረበውን ዓሣና ቺውራ፣ ያን የተደፈጠጠ ሩዝ፣ እስካሁን አልረሳሁም። ከምሳ በኋላ ቆሜ ተናገርኩ። «ስልኩ የመንግሥት ነው። ሥራችሁን ስትጨርሱ ውጡ። በሩን ክፍት ትቶ የሚሄድ ሰው ሌባ ጠርቶ እንደሄደ ይቆጠራል። እስቲ ሳይወጣ የሚተው ማን አለ?»

እዚህ ላይ ቆም ይበሉልኝ ዳንቢር ዳይ። ምልክቷ «አልገባም» ስትል ስልኩ ዝም እንዲል ያዘዝኩት እኔ ነኝ። «ውጡ» ያልኳችሁም እኔው ነኝ። ሁለቱን ትእዛዝ በሁለት የተለያየ ቀን ሰጠኋቸው፤ አንድ ቀን እንኳ አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ አላየኋቸውም። ፕራቢና ከአዳራሹ ጥግ ሆና ስታየኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ቶክ ተጽፏልና ምን ትበል?

ከኋላ ያ ቀልደኛ፣ ከእናንተ በታች ሁለት መንደር ያለው ጂትማን ታማንግ እጁን አወጣ።

«እኔ ነኝ ሰር። አንድ ቀን ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣሁም።»

«ለምን?»

«የሚስጥር ቁጥሩን ረሳሁታ። ከወጣሁ ማን ያስገባኛል?»

«የትም አልጻፍከውም?»

«ሚስጥር ነው አላችሁኝ። እንዴት ብዬ ልጽፈው?»

አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ እኔ ፊቴን አኮሳትሬ ወደ እርስዎ ዞርኩ። «አንተስ?»

«እኔ እወጣለሁ ሰር። ቁጥሯን ልኬ እወጣለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ጀልባ እንደማሰር ነው። እኛ ማጂዎች ዘራችን ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ ማጂ፣ ሰው አሻግሮ ሲመለስ፣ አሁኑኑ መልሶ የሚሻገር ቢሆን እንኳ፣ ጀልባዋን ሳያስር አይቀመጥም። ሳላስር የተገኘሁ ቀን አባቴ እራት አይሰጠኝም ነበር።»

«ይህን ሰው እዩ» አልኩ። «ከእሱ ተማሩ።» ከዚያም የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ያለበትን ጥቁር ዣንጥላ በሁለት እጄ ሰጠሁዎ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ስንወጣ ሱንታሊ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እጇ ገና ዱቄትና ዘይት ነው።

«ሰር፣ ዓሣውን የጠበስኩት እኔ፤ የተሸለመው እሱ» አለችኝ። «ደግሞስ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ለሚኖር ሰው ዣንጥላ ምን ያደርግለታል? እኔ ነኝ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ስለቅም የምውለው።»

«አንቺ፣ ሰውየውን አታስቸግሪ» አሏት እርስዎ።

«በሚቀጥለው ለአንቺ አመጣለሁ» አልኳት።

«መንግሥት ሲያመጣ አያለሁ» አለች። ይህ ነው ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል።

በዚያው ዓመት በሳውን ወር፣ በዚያ ቅዳሜ፣ የሆነውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የማያውቁትን ብቻ ልንገርዎ። ቀትር ላይ ሁለት ሜትር ከአሥር ልከው ወጡ። በሰባት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ላይ የላይኛው ጥልቅ ሸለቆ ተመልካች አራት ሜትር ከስድሳ ላከ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ማንቂያው ከካትማንዱ ወጣ። ጎርፉ ሲማል ጋት የደረሰው በስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ነው። አርባ አምስት ደቂቃ የእርስዎ ነበር። ከሲማሉ ዛፍ ሥር መረብዎን እየጠገኑ ነበሩ፤ ስልኩ በደረት ኪስዎ ነበር፤ ባትሪው ሙሉ፣ ኔትወርኩም ደኅና ነበር።

ከአሥራ አራቱ ስልኮች አሥራ ሦስቱ ጮኹ። የጮኹት ትእዛዜን ያልፈጸሙ ሰዎች ስልኮች ናቸው። አንዱ ረስቶት፣ አንዱ ሰንፎ፣ ጂትማን የሚስጥር ቁጥሩ ጠፍቶት፣ ሁሉም ሳይወጡ ነበር የተዉት። ዝም ያለው ያመነኝ ሰው ስልክ ብቻ ነው።

እርስዎ የሰሙት ድንጋዮቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። የውሃው መልክ ሲለወጥ አይተው ሮጡ፤ በእጅ የሚዞረውን ሳይረን አዞሩ። ወንዙ መሀል ባለው የጠጠር ደሴት ላይ ድንጋይ ይለቅሙ ከነበሩት አሥራ ሁለት ሴቶች አሥራ አንዱ ወጡ። ሱንታሊ ከሁሉ ርቃ ነበረች። ጀልባዋን ፈትተው ሊገቡ ሲሉ ሰዎች ወገብዎን ይዘው እንዳስቀሩዎ ሰምቻለሁ። አርባ አምስት ደቂቃ ይገባዎ የነበረው ሰው በአራት ደቂቃ አሥራ አንድ ነፍስ አዳኑ፤ ይህ ግን በየትኛውም ወረቀቴ ላይ የለም።

ስልክዎ ለምርመራ ተወስዶ ወደ እኛ መጣ። ፕራቢና አንድ ቀን ሙሉ መዝገቡን ስትበረብር ዋለች። ከዚያ ቢሮዬ ገብታ ሳትቀመጥ ነገረችኝ።

«ደርሶታል ሰር።»

«ምን?»

«መልእክቱ። በሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ደርሶታል። ስልኩ ነቅቷል፣ ምልክቱን አይቷል፣ አልገባም ይላል፣ ዝም ብሏል።» ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና «እንደታዘዘው» አለች።

«ለማስተካከል ምን ያህል ይፈጃል?»

«አንድ መስመር ማጥፋት ነው። ግማሽ ሰዓት አይሞላም።»

«ዛሬውኑ አጥፊው።»

አጠፋችው። አዲሱ ቅጂ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ሁሉም ስልኮች ሄደ። ለማንም አልተናገርንም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማንቂያው ምልክቷን ሳይጠይቅ ይጮኻል፤ ገብተውም ወጥተውም ያሉ ሰዎች ይሰሙታል። የምርመራውን ሪፖርት የፈረምኩት ከዚህ በኋላ ነው ዳንቢር ዳይ፤ በጎርፉ በአሥራ ሁለተኛው ቀን። ጥፋቱ የት እንደነበር አውቄ፣ ጥፋቱን በእጄ አስጠፍቼ፣ ከዚያ ነው የፈረምኩት።

ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «የሲማል ጋት ተመልካች ማንቂያው በተላለፈበት ሰዓት ከመተግበሪያው ወጥቶ ስለነበር መልእክቱን ሊሰማ አልቻለም።» አንድም ሐሰት የለበትም። ሲያነቡት ግን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይረዳል። እንዲረዳም ነው የተጻፈው።

ፕራቢና ረቂቁን አይታ መጣች። «ስልኩ ለምን ዝም እንዳለ የጻፍኩት ሁለት ገጽ የት ገባ ሰር?»

«አባሪው በዛ።»

«አንድ ገጽ ላድርገው?»

«ተይው ልጄ።»

ከሦስት ወር በኋላ ሥራዋን ለቀቀች። ስልኩን አረምኩ፤ የሰውን ስም ሳላርም ተውኩ። እንግዲህ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ትርፍ ነው።

እርስዎ በሪፖርቱ ምክንያት ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ካትማንዱ መጥተው ነበር። በር ጠባቂዎቹ ለሦስት ሰዓት ያህል አቁመዋችሁ ነበር፤ እርስዎንና ዣንጥላውን። ከነፕላስቲኩ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልተዘረጋም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ሰር፣ ለሚገባው ሰው ይስጡት» አሉኝ።

«ዳንቢር፣ እንዲህ ያለ ነገር በማንም ላይ ይደርሳል።»

«እኔ ጀልባዋን አስሬ ነበር ሰር። ምናልባት ቋጠሮዬ ልክ አልነበረም። ሳስበው እውላለሁ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ጥያቄውን በቀጥታ ጠየቁኝ። መልሱን የማውቅ ሰው ነበርኩ። ፀሐፊዬን ጠርቼ ሻይ አስመጣሁልዎ። ሻዩን ሳይጠጡት ሄዱ፤ ሲቀዘቅዝም አየሁት።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ መኖር እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጡረታ ወጣሁ፤ ንግግር አደረግሁ፤ የአበባ ጉንጉን በአንገቴ ተጠለቀ። ባለፈው የአሳር ወር ግን ዓይኔን ልመረመር ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው እናቱን ደግፎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰር፣ ረሱኝ? ያልወጣሁት ሰውዬ ነኝ።»

«ጂትማን። አሁንም አልወጣህም?»

«ኧረ ምን በወጣኝ። ስልኩ ተሰብሮ አዲስ ሰጡኝ፤ እዚያም ገብቼ ቀረሁ።»

ሳቅን። ከዚያ ስለ እርስዎ ጠየቅሁት፤ እሱም መሳቁን ተወ።

«አለ፤ መኖር ካሉት» አለኝ። «ባለፈው የዳሻይን በዓል፣ በአሥረኛው ቀን፣ ታላቅ በታናሹ ግንባር ላይ የሚያደርገውን ቲካ በእርጎና በሩዝ ለውሶ፣ የገብስ ቡቃያውን አስቀምጦ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። የቤተሰቡ ታላቅ ነው እኮ። ታናናሾቹ ግን በደጁ አልፈው ከእሱ የሚያንሰው አጎታቸው ጋ ሄዱ። ከሱስሚታ በስተቀር ግንባሩን ያቀረበለት የለም።»

«ምን አደረጋቸው ብለው?»

«ምን ይላሉ? በገዛ እህቱ ላይ ስልክ ዘጋ ይላሉ። ወረቀቱ ላይ አለ። መምህሩ ዛፉ ሥር ቆሞ አንብቦልናል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

እናቱን ግድግዳው ላይ አስደገፋት፤ ከዚያ ዞሮ አየኝ። «እኔማ ግራ ገብቶኛል ሰር። እኔ አልወጣሁም፤ በትጋትህ ብላችሁ የምስጋና ወረቀት ሰጣችሁኝ፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እሱ ወጣ፤ አባረራችሁት። ውጡ ያሉን ግን እርስዎ አልነበሩም እንዴ? ወይስ ዓሣው አስክሮኝ ነው የሰማሁት?»

ስሜ ሲጠራ ለምርመራ ገባሁ። ሐኪሙ «አይንቀሳቀሱ» ቢለኝ መርጋት አቃተኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ገበያ ሄጄ ዘንቢሉን ረስቼ እመለሳለሁ። ዝናብ በጀመረ ቁጥር እቆማለሁ።

ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሄጄ ፋይሉን ጠየቅሁ። የተካኝ ሰው ጨዋ ነው፤ «ሰር፣ የደረቀ ቁስል ለምን ይነካካሉ?» አለኝ። «የደረቀው በእኛ በኩል ነው» አልኩት። ፋይሉ መጣ። አረንጓዴው ቀለም ትንሽ ደብዝዟል፤ ፊርማው ግን የእኔ ነው። የፕራቢና ሁለት ገጽ እዚያ አልነበረም። ፓታን ወዳለው አዲሱ ሥራዋ ሄድኩ። ከመሳቢያዋ አወጣችው።

«አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ አስቀምጬው ነበር» አለች። «አራት ዓመት ይፈጃል ብዬ ግን አልገመትኩም።»

ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ። «ለእኔ አይንገሩኝ ሰር። እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቀው ሰው ይንገሩ።»

ስለዚህ ለእርስዎ ነገርኩ። ሪፖርቱ እንዲታረም በስሜ አመልክቻለሁ፤ ማመልከቻዬ በመዝገብ ገብቷል፤ ኮሚቴው ከዳሻይን በኋላ ይቀመጣል። ሥራዎን ይመልሱልዎ እንደሆነ ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ ቃል የመግባት ሥልጣኔ አልፏል። እኔንም ይጠይቁኛል። የወንዞች ምክር ቤት የክብር ሰብሳቢ እንድሆን ታጭቼ ነበር፤ እንደማልሆን ጽፌላቸዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ወረቀት አለ፦ ቶክ ያለበት ገጽ ቅጂ፣ የፕራቢና ሁለት ገጽ፣ የእኔ የተፈረመ ቃል። ሱስሚታ፣ እነዚህን ለመምህሩ ስጪልኝ። ያኔ ሪፖርቱን ባነበበበት ቦታ፣ ባነበበበት ድምፅ፣ እነዚህንም ያንብብልኝ ብለሽ ንገሪው።

አንድ ልመና ቀርቶኛል። በዳሻይን አሥረኛ ቀን በጠዋቱ አውቶብስ እመጣለሁ። ታናሽ ከታላቁ እጅ ቲካ ይቀበላል፤ እኔ ታናሽዎ ነኝ። በዘር ከላይ ከሚቆጠረው ከእኔ ወገን የሆነ ሰው ከታች ለሚቆጠር የማጂ ሽማግሌ ግንባሩን ሲያቀርብ ሲማል ጋት አይታ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ትየው። ቲካውን ይቅርታ ነው ብዬ አልቆጥረውም፤ ይቅርታ የእርስዎና የሱንታሊ ነው። ደጅዎን አልፈው የሄዱት ታናናሾችዎ ማን ከማን ፊት ማጎንበስ እንዳለበት እንዲያዩ ብቻ ነው። እምቢ ካሉኝም አልከፋም። ጀልባ ተራ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ወንዙ ዳር እቀመጣለሁ። ዣንጥላውንም ይዤ እመጣለሁ። ለሱንታሊ ቃል ገብቼላት ነበር፤ የት እንደሚሰቀል እርስዎ ይወስናሉ።

ፕራቢናን ጠይቄ መተግበሪያውን ስልኬ ላይ ጭኛለሁ። ስም የለኝም፣ የሚስጥር ቁጥር የለኝም፤ ምልክቷ «አልገባም» ነው የምትለው። ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ ጮኸ። የላይኛው ባልሱ ከፍ ብሏል ይላል። ምስሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። ውሃው የሲማል ጋትን ዳር ሳይነካ አልፏል፤ ጂትማን ደውሎ ነገረኝ። እኔ ግን እስኪመሽ ድረስ ስልኩን ይዤ ቤት ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ድምፁ ከፍተኛ ነው። መረብ ለሚጠግን ሰው፣ ለሚያንቀላፋም ሰው፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ በደንብ ይሰማል።

የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሻይ ነበር የመለስኩልዎ። መልሱ ይኸውና፦ የትም አልተሳሳቱም። ጀልባዋን አስረው ነበር፤ ቋጠሮውም ልክ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ይጠብቁኝ።

ታናሽዎ
ሙራሪ ኡፓድያይ